በደሴ ዳገትና ቁልቁለት ታይ ቺን እንዴት እንጀምር

ደሴ ላይ የሚኖር ሰው ሜዳ የሚረግጥበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከቤቱ ደጃፍ እስከ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱም እስከ ሰኞ ገበያ የሚሄደው ወይ ሽቅብ ወይ ቁልቁል ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ደግሞ ጭቃው፣ ጉሙና ዝናብ ያራሰው ኮብልስቶን ይጨመሩበታል። ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል እንጂ ብዙ ሰው አይጥልም፤ ሰው የሚወድቀው ቁልቁለቱ ላይ ነው። እናቴም የወደቀችው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የክረምት ማለዳ የቤታችንን ደረጃ ስትወርድ ነበር። የተሰበረው የእጇ አንጓ በሁለት ወር ተጠገነ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም፤ ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ክንዷን የሚይዝላት ሰው ካላገኘች ከግቢ አትወጣም ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ ለትምህርት ከሄድኩበት ከቻይና ገና መመለሴ ነበር። በዚያ በቆየሁባቸው ሁለት ዓመታት ማለዳ ማለዳ በመናፈሻ ከሚሰበሰቡ አዛውንት ጋር ታይ ቺ ተምሬ ስለነበር፣ እናቴን ከሳሎናችን ግድግዳ አጠገብ አቁሜ የመጀመሪያውን ትምህርት አስጀመርኳት። ከእርሷ ቀጥሎ ጎረቤቶቿ መጡ፤ ዛሬ በሆጤ፣ በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት የምንሰበሰበው 14 ሰዎች ነን። ከዚህ በታች የምጽፈው እነርሱን የማስተምርበትን ቅደም ተከተል ነው። ጀማሪው ከሁሉ በፊት እንዲይዝልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፦ ታይ ቺ ከሩቅ ሲያዩት የእጅ እንቅስቃሴ ይመስላል፤ ሥራው ያለው ግን እግር ላይ ነው። እግር ባዶውን ቀድሞ ይሄዳል፣ ቦታውን ያገኛል፣ ክብደት ከዚያ በኋላ ይከተለዋል። እጁን አሳምሮ እግሩን ያልተማረ ሰው ታይ ቺን ገና አልጀመረም።

ስሙ፣ ምንጩና ሐሳቡ

ታይ ቺ በሙሉ ስሙ ታይጂቹዋን ይባላል። «ቹዋን» ጡጫ ማለት ሲሆን የውጊያ ጥበብ መሆኑን ያመለክታል፤ «ታይ» እጅግ ታላቅ ማለት ነው። «ጂ» የሚለው ቃል መነሻው የቤት ጣራ የሚያርፍበት ከፍተኛው አግዳሚ እንጨት ሲሆን፣ ከዚያ ተነሥቶ ጫፍና ጥግ የሚል ትርጉም ይዟል። ቻይናውያን ሰሜን ዋልታን የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው፤ እኛም «ዋልታ» የምንለው ለቤትም ለምድርም ስለሆነ፣ ስሙን «ታላቁ ዋልታ» ብንለው ከሐሳቡ ብዙ አንርቅም። ብዙ ሰው በስሙ ውስጥ ያለውን «ቺ»፣ ማለትም ይህንኑ «ጂ»፣ እስትንፋስ ወይም የሕይወት ኃይል ከሚባለው ሌላ የቻይንኛ ቃል ጋር ያምታታዋል፤ ሁለቱ በአጻጻፍም በትርጉምም የተለያዩ ናቸው።

ስለ አጀማመሩ የሚነገረው አፈ ታሪክ የተቀላቀለበት ነው። በዉዳንግ ተራራ ይኖር የነበረ ዣንግ ሳንፌንግ የተባለ የዳኦ (የጥንት የቻይና የሃይማኖትና የፍልስፍና ትምህርት) ባሕታዊ እንደፈጠረው የሚተርኩ አሉ፤ የታሪክ ተመራማሪዎች በአብዛኛው የሚቀበሉት ምንጭ ግን በሄናን ግዛት የሚገኘው የቼን ቤተሰብ መንደር ሲሆን፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የጦር ሰው ቼን ዋንግቲንግ የመጀመሪያውን ሥርዓት እንዳስቀመጠ ይታመናል። ይህንን የመንደር ትምህርት ያንግ ሉቻን (1799–1872) ተምሮ ወደ ቤጂንግ ወሰደው፤ የልጅ ልጁ ያንግ ቼንግፉ (1883–1936) ደግሞ ዝግ ያለ፣ ሰፊና ፍጥነቱ የማይለዋወጥ አድርጎ ለብዙ ሰው አስተማረው። እ.ኤ.አ. በ1956 የቻይና የስፖርት ኮሚሽን ከያንግ ስልት 24 እንቅስቃሴዎችን መርጦ አጭር ቅጽ አዘጋጀ፤ ዛሬ ጀማሪ በየትም አገር የሚማረው አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2020 ታይጂቹዋንን የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል።

ፍልስፍናው የቆመው ዪንና ያንግ በሚባሉ ሁለት ቃላት ላይ ነው። ቃላቱ በመጀመሪያ የተራራን ጥላማ ገጽና ፀሐይ የሚያገኘውን ገጽ የሚያመለክቱ ናቸው፤ ይህንን ለደሴ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። ማለዳ ወደ ጦሳ ቀና ብሎ ያየ ሰው፣ ከተማው ገና ቅዝቃዜ ውስጥ ሳለ የተራራውን ፊት ፀሐይ ለብሶ ያገኘዋል፤ ከሰዓት በኋላ ያው ገጽ ይጠልላል፣ ጥላውም ወደ ከተማው ይወርዳል። ተራራው አንድ ነው፤ ብርሃንና ጥላ ግን እየተፈራረቁ ይይዙታል፣ አንዱ ሲሞላ ሌላው መምጣት ይጀምራል። ታይ ቺ ይህንን ሐሳብ ወደ ሰውነት ያወርደዋል። ክብደት የተሸከመው እግር «ሙሉ»፣ ያልተሸከመው «ባዶ» ይባላል፤ እግር ሞልቶ ሲጨርስ መጉደል ይጀምራል፣ እጅ ወጥቶ ሲያበቃ መውረድ ይጀምራል። በእንቅስቃሴ መካከል ሁለቱንም እግር እኩል አስጭኖ መቅረት «ድርብ ክብደት» የሚባል ጥፋት ነው፤ ምክንያቱም እንዲህ የቆመ ሰው ድንገት ቢገፉት የሚያነሣው ነጻ እግር የለውም።

ሁለተኛው መሠረት ልስላሴ ነው። የጥንት መምህራን «በአራት ሊያንግ ሺህ ጂን ማንቀሳቀስ» ይላሉ፤ በዛሬው የቻይና ልኬት ይህ በ200 ግራም 500 ኪሎ እንደማንቀሳቀስ ነው። ንግግሩ የተጋነነ ቢሆንም ሐሳቡ ትክክል ነው። የመጣውን ኃይል ፊት ለፊት ከመግታት ይልቅ ትንሽ ዞር ብሎ ማሳለፍና የገፊው ክብደት ራሱን ገፊውን ሚዛን እንዲያስተው ማድረግ ይቻላል። እያሳሳቀ የሚወስደውን ውሃ የሚያውቅ ሰው ለስላሳ ነገር ደካማ እንዳልሆነ ሊነገረው አያስፈልግም።

በግቢያችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስላለ፣ ይህ ትምህርት የአምልኮ ነገር አለበት ወይ ብለው የጠየቁኝ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በግልጽ ሊመለስም ይገባዋል። ሐሳቡ ከዳኦ ትምህርት ጋር አብሮ ያደገ ቢሆንም፣ እኛ በምንሠራው ልምምድ ውስጥ ጸሎት፣ ስግደት ወይም ቃል ኪዳን የለም። ስለ ሕይወት ኃይል የሚነገረውን የተቀበለም ያልተቀበለም ሰው፣ ክብደቱን ቀስ ብሎ ካዛወረ ጭኑ ይጠነክራል። ከእኛ መካከል ከሱብሂ ሶላት በኋላ የሚመጡ አሉ፤ ኪዳን አድርሰው የሚመጡም አሉ።

ለጤና የሚሰጠው

ቁልቁል ስንወርድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችንን ይይዛል፤ ይህ ሥራ ጡንቻው እያጠረ ከሚሠራው የሽቅብ ሥራ ይለያል። የደሴ ሰው ዕድሜ ልኩን ዳገት ስለሚወጣ ልቡና ሳንባው የለመደ ነው፤ በእኔ አመለካከት የሚጎድለው መውረዱን ዝግ አድርጎ የመቆጣጠር ልምድ ነው። የብዙ ሰው እርምጃ ክብደትን ወደፊት ጥሎ እግርን በኋላ ማድረስ ነው፤ መሬቱ ደረቅ ሲሆን ይህ ችግር አያመጣም፣ ሲያንሸራትት ግን የሚመለስበት ጊዜ የለም። ታይ ቺ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። በተጨማሪም ዝግታው፣ ከውስጥ እግርና ከቁርጭምጭሚት ወደ አንጎል የሚሄደውን የሚዛን ስሜት ልብ ብሎ ለማዳመጥ ጊዜ ይሰጣል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት የመውደቅ አደጋ ያሰጋቸውን 670 አዛውንት ለ24 ሳምንታት ተከታትሎ ነበር፤ በሳምንት ሁለት ቀን ለመውደቅ መከላከያ የተስተካከለ ታይ ቺ የሠሩት፣ ሰውነት ማሳሳብ ብቻ ከሠሩት ይልቅ 58 በመቶ ያነሰ ወድቀዋል፤ የተለያዩ የጥንካሬና የሚዛን ልምምዶችን አደባልቀው ከሠሩት ጋር ሲነጻጸሩም በ31 በመቶ ይሻሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በ195 የፓርኪንሰን ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናትም ሚዛናቸው እንደተሻሻለ አሳይቷል። የጉልበት መገጣጠሚያ መበላት ያለባቸውን 204 ሰዎች የተመለከተው እ.ኤ.አ. የ2016 ጥናት ደግሞ ለ12 ሳምንታት የተሠራ ታይ ቺ ሕመምን በመቀነስ ረገድ ከተለመደው የፊዚዮቴራፒ ሕክምና ጋር የሚቀራረብ ውጤት እንዳለው አረጋግጧል። ደም ግፊታቸው ከፍ ማለት በጀመረ 342 ሰዎች ላይ በቤጂንግ ለአንድ ዓመት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ጥናት፣ የላይኛው የግፊት ቁጥር ታይ ቺ በሠሩት ላይ በአማካይ በ7 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ ፈጣን የልብ ስፖርት በሠሩት ላይ ደግሞ በ4.6 ገደማ እንደቀነሰ ያሳያል።

በዚህ ጉዳይ ማጋነን ሰውን ይጎዳል። ታይ ቺ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒትን አይተካም፤ ካንሰር ያድናል የሚል አስተማሪ ካጋጠመዎ ይራቁት። በቅርቡ የልብ ሕመም ወይም ቀዶ ሕክምና የነበረበት፣ ሲነሣ ዓይኑ የሚጨልምበት፣ አጥንቱ እንደሳሳ የተነገረው ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ ነፍሰ ጡርም እንዲሁ ታማክር።

ቦታ፣ ሰዓትና ልብስ

ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያስፈልግዎ ስፋት አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚዞርበትና ሦስት እርምጃ የሚሄድበት ያህል ነው። ቦታው ግን የግድ ሜዳ መሆን አለበት፤ ለቁልቁለት የምንዘጋጀው ሜዳ ላይ ነው። ደረቅ ሊሾ ጥሩ ነው፤ እርጥብ ሊሾ ግን ከኮብልስቶን የከፋ ስለሆነ ጠል ካለበት አይጀምሩ። ጫማው ሶሉ ስስና ጠፍጣፋ ቢሆን ይመረጣል፤ ሸራ ጫማ ከበቂ በላይ ነው። ነጠላ ጫማ ተረከዝን ስለማይዝ፣ ኮንጎ ደግሞ ስለሚያንሸራትት አልመክርም። ልብሱ ሰፊ ይሁን፤ ረጅም ቀሚስ ወይም አባያ የሚለብሱ እናቶች ጫፉ ከቁርጭምጭሚት በላይ እንዲሆን ሰብሰብ ቢያደርጉት የእግራቸውን አቅጣጫ ማየት ይችላሉ።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ማለዳ ውርጭ አለው፤ ጡንቻ በብርድ ስለሚኮማተር ፀሐይ ሞቅ እስክትል፣ ማለትም እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል መጠበቅ ይሻላል። ከ25 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ሐረጎን ወርደው የሚያገኟት ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ስለሆነች፣ በዚያ የሚኖር ሰው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቢጀምር ሙቀቱን ይቀድመዋል። ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩ። በጾምና በረመዳን ወቅት ጊዜውን በግማሽ ያሳጥሩት፤ ራስ ሲያዞር መቀጠል ጽናት አይባልም።

አቋቋም

ቁርጭምጭሚትዎን፣ ጉልበትዎን፣ ወገብዎንና ትከሻዎን ለሦስት ደቂቃ ያህል ቀስ ብለው በማዞር ካሟሟቁ በኋላ፣ እግሮችዎን በትከሻዎ ስፋት ልክ ከፍተው፣ ጣቶችዎን ወደፊት አቅንተው ይቁሙ። ጉልበትዎን አይቆልፉት፤ በጥቂቱ ይልቀቁት። ወንበር ላይ ሊቀመጡ እንዳሰቡ ሰው ዳሌዎን ያውርዱ፣ ነገር ግን አይጎንበሱ። አናትዎ በቀጭን ክር ወደላይ እንደተያዘ ቆጥረው አንገትዎን ያስረዝሙ፤ አገጭዎ ጥቂት ወደ ውስጥ ይግባ። ትከሻዎ ይውረድ፤ ብብትዎ እንቁላል ቢያስገቡበት የማይሰበርበት ያህል ክፍት ይሁን። ምላስዎ የላይኛውን ላንቃ በቀስታ ይንካ፣ ዓይንዎም ከፊት ለፊት ራቅ ያለ ነገር ይመልከት።

አሁን ሐሳብዎን ወደ ውስጥ እግርዎ ይላኩት። ክብደትዎ በሦስት ነጥቦች ላይ መከፋፈል አለበት፤ እነርሱም ተረከዝ፣ የአውራ ጣት ሥርና የትንሿ ጣት ሥር ናቸው። አብዛኛው ሰው ራሱን በተረከዙ ላይ ተንጋሎ ቆሞ ያገኘዋል፣ ከፊሉም በአውራ ጣቱ በኩል አዘንብሎ። ምንም ሳያስተካክሉ ለጥቂት ጊዜ ያስተውሉት፤ ከዚያ በጥቂቱ ወደ መካከል ይመልሱት። ይህንን አቋቋም በመጀመሪያው ሳምንት ለሁለት ደቂቃ፣ በኋላም እስከ አምስት ደቂቃ ይቁሙበት። ሰው ምንም እንዳልሠራ ስለሚሰማው የሚሰለቸው ይህ ክፍል ነው፤ እኔ ግን በወር ውስጥ ለውጥ ያዩትን ሰዎች ስመለከት ሁሉም መቆሙን ያልናቁ ነበሩ።

ክብደትን ማዛወር

ከዚያው አቋቋም ሳይወጡ ክብደትዎን ወደ ግራ እግርዎ መውሰድ ይጀምሩ። በልብዎ እስከ አምስት እየቆጠሩ፣ ጆንያ ውስጥ ያለ እህል ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው እንደሚፈስስ አድርገው ያዛውሩት፤ ጭንቅላትዎ ወደ ጎን አይዘንብል፣ ቁመትዎም ከፍና ዝቅ አይበል። ማዛወሩ ማለቁን የሚያውቁበት መንገድ ቀላል ነው፦ ቀኝ እግርዎን ሰውነትዎ ሳይወዛወዝ በወረቀት ውፍረት ያህል ከመሬት ማንሣት ከቻሉ ያ እግር በእርግጥ ባዶ ነው። ካልቻሉ ገና የቀረ ክብደት አለበት። ከዚያ በዚያው ፍጥነት ወደ ቀኝ ይመልሱት። በእያንዳንዱ ጎን አሥር ጊዜ ይበቃል። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ግድግዳ ወይም የወንበር ጀርባ በጣት ጫፍ እየነኩ ይሥሩት፤ እናቴ በግድግዳ የሠራችው ሰባት ሳምንት ነበር፣ ማንም አላስቸኮላትም።

እርምጃው

የታይ ቺ እርምጃ በጥንታዊው አባባል «እንደ ድመት መርገጥ» ይባላል። ድመት መዳፏን ካሳረፈች በኋላ መሬቱ ካልተመቻት መልሳ ታነሣዋለች፤ እርስዎም የሚማሩት ይህንኑ ነው።

በግራ እግርዎ ላይ ሙሉ በሙሉ ይቀመጡ። ቀኝ እግርዎን ወደፊትና ጥቂት ወደ ቀኝ ዘርግተው ተረከዙን ብቻ ያለ ክብደት ያሳርፉ። እዚህ ላይ ቆም ይበሉና እግሩን ወደ ኋላ መልሰው ይሰብስቡት፤ ሰውነትዎ ሳይናወጥ ከተመለሰ እርምጃው ትክክል ነው፤ ከተናወጠ ግን ወይ እርምጃው ረዝሟል ወይ ክብደትዎ ቀድሞ ሄዷል። ፈተናውን ካለፉ በኋላ ተረከዙን መልሰው ያሳርፉ፣ ውስጥ እግርዎን ከተረከዝ እስከ ጣት ቀስ አድርገው መሬት ላይ ያስተኙት፣ ክብደትዎንም 70 በመቶ ያህል እስኪደርስ ወደ ቀኝ ይውሰዱት። በዚህ ጊዜ የቀኝ ጉልበትዎ ከእግር ጣትዎ ጫፍ አይለፍ፤ አቅጣጫውም ከሁለተኛው ጣት ጋር አንድ ይሁን። ጉልበት ወደ ውስጥ መታጠፉ በታይ ቺ ለሚደርስ ጉዳት ዋነኛው ምክንያት ስለሆነ፣ ይህንን በየእርምጃው ዝቅ ብለው ይመልከቱት።

ለመቀጠል ክብደትዎን ጥቂት ወደ ኋላ ይመልሱና፣ የቀኝ እግርዎ ጣት በቀለለ ጊዜ ወደ ውጭ 45 ዲግሪ ያህል ያዙሩት። የተጫነ እግር አይዙር። ከዚያ ክብደትዎን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ ወስደው ግራ እግርዎን ከአጠገቡ ያሳልፉና በተራው ወደፊት ይዘርጉት። ሁለቱ እግሮች በአንድ መስመር ላይ እንዳይውሉ ይጠንቀቁ፤ በመካከላቸው የትከሻን ስፋት ያህል ክፍተት ይኑር፤ አለበለዚያ በገመድ ላይ እንደሚሄድ ሰው ይንገዳገዳሉ። እጆችዎን ለጊዜው ወገብዎ ላይ ያስቀምጧቸው። በእጅ ሳይጠመዱ ለአራት ሳምንት እርምጃውን ብቻ የሠራ ሰው፣ በኋላ ቅጹን በግማሽ ጊዜ ይማራል።

ሦስት እንቅስቃሴዎች

እግር ከተማረ በኋላ እጅ ይከተላል። የመጀመሪያው መክፈቻ ነው። በአቋቋሙ ላይ እንዳሉ ሁለቱን እጆች፣ መዳፋቸው ወደ መሬት እንደተመለከተ፣ ውሃ ወደ ላይ እንደሚያነሣቸው አድርገው እስከ ትከሻ ከፍታ ያንሡ፤ ትከሻዎ ራሱ ግን አይነሣ። ከዚያ ክርንዎን አስቀድመው እያወረዱ፣ ጉልበትዎንም በዚያው ልክ እያጠፉ እጆችዎን እስከ እምብርት ያውርዱ። ሲነሡ አየር ወደ ውስጥ፣ ሲወርዱ ወደ ውጭ ይሁን።

ሁለተኛው «የደመና እጆች» የሚባለው ሲሆን፣ እኔ አንድ እንቅስቃሴ ብቻ አስተምር ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። እግሮችዎን ከትከሻ ስፋት ትንሽ ሰፋ አድርገው ይቁሙ። ግራ እጅዎ መዳፉ ወደ ፊትዎ እንደዞረ በአገጭ ከፍታ፣ ቀኝ እጅዎ ደግሞ በእምብርት ከፍታ ይሁን። ክብደትዎ ወደ ግራ እግር ሲሄድ ወገብዎ ወደ ግራ ይዞራል፣ ሁለቱም እጆች ከወገቡ ጋር ይጓዛሉ። ግራ ጥግ ሲደርሱ ግራው መዳፍ ወደ ውጭ ዞሮ ይወርዳል፣ ቀኙ ይወጣል፤ ከዚያ ክብደትም ወገብም ወደ ቀኝ ይመለሳሉ። እጆቹ በራሳቸው እንዳይሄዱ ይጠንቀቁ፤ የሚነዳቸው ወገብ ነው። አፍንጫዎና እምብርትዎ ሁልጊዜ አንድ አቅጣጫ ከተመለከቱ ወገብዎ እየሠራ መሆኑን ያውቃሉ።

ሦስተኛው «ጉልበትን ጠርጎ መግፋት» ነው፤ በዚህ ውስጥ የጥበቡ የውጊያ መነሻ በግልጽ ይታያል። ግራ እግርዎን በተማሩት እርምጃ ወደፊት ሲዘረጉ ግራ እጅዎ ከጉልበትዎ ፊት አልፎ ወደ ዳሌዎ ጎን ይጠርጋል፣ ይህም የመጣን እርግጫ ማሳለፊያ ነው፤ ክብደትዎ ወደፊት ሲመጣ ቀኝ እጅዎ ከጆሮዎ አጠገብ ተነሥቶ ወደፊት ይገፋል። እጁ መግፋቱን የሚጨርሰው ክብደቱ በሚደርስበት ቅጽበት ነው። እጅ ቀድሞ ከደረሰ የሚገፋው ክንድ ብቻ ይሆናል።

ስለ ፍጥነት የጥንት መምህራን እንቅስቃሴውን ከሐር ትል ጎጆ ክር ከመሳብ ጋር ያመሳስሉታል። ለእኛ እናቶች ግን እንዝርት ይቀርባቸዋል። ባዘቶን በኃይል የጎተተ ፈታይ ክሩን ይበጥሰዋል፣ እጁን ያላላም ያቋጥረዋል፤ ፈትሉ እኩል የሚወጣው እጅ ሳይቆምና ሳይቸኩል ሲሄድ ነው። ይህንን የነገርኳቸው አንዲት እማማ የደመና እጆችን በዚያው ቀን ከሁላችንም አስተካክለው ሠሩት። ፍጥነታቸው የሚያስቸግራቸው ሰዎች በክራር ብቻ የተቀረጸ ዝግ ያለ ትዝታ ከፍተው ቢሠሩም ይረዳቸዋል፤ ድምፃዊ ያለበት ግን ሐሳብን ይወስዳል።

ስለ እስትንፋስ ብዙ አይጨነቁ። በአፍንጫዎ ይተንፍሱ፣ ሆድዎ ይንቀሳቀስ፣ አየር አፍነው አይያዙ። ከእምብርት በታች ሦስት ጣት ያህል ወርዶ ያለውን፣ ዳንቲየን የሚባለውን ቦታ በሐሳብ ማረፊያ ማድረግ ትከሻን ለማውረድ ይጠቅማል።

ሲጨርሱ እጆችዎን እስከ ደረት አንሥተው ያውርዱ፣ ጉልበትዎን ቀና ያድርጉ፣ ግራ እግርዎን ወደ ቀኝ ይሰብስቡና ለአንድ ደቂቃ በዝምታ ይቁሙ። ላብ ካለብዎ ወዲያው ጋቢ ወይም ሹራብ ይደርቡ፤ የደሴ ነፋስ ይቅር አይልም።

አካሄዱ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን አሥር ደቂቃ መቆምና ክብደት ማዛወር ብቻ ይሥሩ። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት እርምጃውን ይጨምሩ፤ ከዚያ በኋላ ሦስቱን እንቅስቃሴዎች በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ እያሉ ይያዙ። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመሥራት በየቀኑ አሥራ አምስት ደቂቃ መሥራት እጅግ ይበልጣል። ሦስት ወር ካለፈ ወደ 24ቱ ቅጽ መሄድ ይችላሉ፤ በቪዲዮ የሚማሩ ከሆነ አስተማሪው ከጀርባው የሚታይበትን ይምረጡ፣ ፊት ለፊት ከሆነ ግራና ቀኝ ይገላበጥብዎታል። በየሳምንቱ ከአንድ እንቅስቃሴ በላይ አይጨምሩ። ጉልበትዎ ከታመመ ከፍ ብለው ይቁሙ፤ ሕመሙ በማግሥቱም ካለ ሁለት ቀን ያርፉና አቅጣጫውን እንደገና ይመርምሩ። የጭን መቃጠል ጤናማ ነው፤ በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋ ሕመም ግን ማቆሚያ ምልክት ነው።

ደረጃና ቁልቁለት ላይ ልምምድ ለመሥራት አይሞክሩ። ይልቁንም በየዕለቱ ከቤት ሲወጡ በሚወርዷቸው የመጀመሪያ ሦስት ደረጃዎች ላይ ብቻ፣ መደገፊያውን ይዘው፣ ባዶ እግርዎን አሳርፈው ክብደትዎን ዘግይተው ያስከትሉ። እናቴ በዚህ መንገድ በአምስተኛው ወር ብቻዋን ወደ ገበያ ወርዳለች። ዝናብ በጣለ ቀን ግን ዛሬም ምርኩዟን ትይዛለች፤ እኔም አልከለክላትም።

መቆም ለማይችሉ

በሰውነት መስነፍ ወይም በሕመም ምክንያት ረጅም ጊዜ መቆም የማይችሉ አዛውንት በወንበር ላይ ሊጀምሩ ይችላሉ። ዱካ ዝቅ ስለሚል ጉልበትን ያስጨንቃል፤ መደገፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ከግድግዳ ጋር አስጠግተው ያዘጋጁላቸው። ከጫፉ ላይ፣ ጀርባቸውን ሳይደግፉ፣ ሁለቱ ውስጥ እግሮች መሬት ነክተው ይቀመጡ። የደመና እጆችን ቀደም ሲል በተገለጸው መንገድ ይሠራሉ፤ ክብደቱን የሚያዛውሩት ከእግር ወደ እግር ሳይሆን ከአንዱ የመቀመጫ አጥንት ወደ ሌላው ይሆናል። መክፈቻውንም እጅ ሲወርድ ሁለቱን ተረከዞች ወደ መሬት በመጫን ይሥሩት።

ይህንን ለአንድ ወር ከሠሩ በኋላ ከወንበር መነሣትን ያለማምዷቸው። እግሮቻቸውን ከጉልበታቸው ጥቂት ወደ ኋላ ይሰብስቡ፣ አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው በላይ እስኪደርስ ከወገባቸው ወደፊት ይጠጉ፣ መቀመጫቸው ሲቀልል ተረከዛቸውን ገፍተው ይነሡ። መቀመጡ ደግሞ በዚያው መንገድ፣ እስከ አምስት እየተቆጠረ፣ ሳይወድቁ ይሁን። በአንድ ጊዜ አምስት መነሣትና አምስት መቀመጥ ይበቃቸዋል፤ በዚህ ጊዜ ሁሉ አንድ ሰው ከጎናቸው ይቁም፣ እጃቸውን ግን ካልጠየቁ በቀር አይያዝ።